«ደደብ» የሚለውን ቃል ዜና ውስጥ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዜና መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ፣ አንድ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ‹የደደብ ግብ ነው የተቆጠረብን› አለ። እንዳለው ጻፍኩት። አርታኢዬ ‹ደደብ›ን አውጥቶ ‹በቀላሉ ልናስቀረው የምንችለው ግብ› ብሎ እዚያው ጥቅሱ ውስጥ አስገባ። ሁለተኛ፣ አንድ የወረዳ ኃላፊ ስለ ውሃ ሊጠይቁ የመጡ ነዋሪዎችን በስብሰባ ላይ ‹እናንተ ደደቦች› አላቸው። አርታኢዬ ‹አንቺ ልጅ፣ ደ... ብለሽ በነጥብ እለፊው› አለኝ። ሦስተኛ፣ እኔ ራሴ በጻፍኩት ዜና ላይ ‹የአስተዳደሩ ደደብ ውሳኔ› የሚል ርዕስ ሰጠሁ። እሱን ማንም ሳይነካው ወጣ። ቃሉ እኮ ቤትም ታክሲ ውስጥም የሚባል ነው። ስድብ እንኳ አይባልም። ደንቡ ምንድን ነው?»

ሦስቱም ላይ የተደረገው መሆን ከነበረበት ተቃራኒው ነው። የአሰልጣኙ ቃል ሳይነካ መውጣት ነበረበት። የኃላፊው ቃል ያለ ነጥብ፣ ሙሉውን መጻፍ ነበረበት። መታረም የነበረበት ማንም ያልነካው ያንቺ ርዕስ ነው።

መጀመሪያ «ስድብ እንኳ አይባልም» ያልሽውን እናስተካክል። ይባላል። «ደደብ» ለዘብ ያለ ስድብ ነው፤ ግን ስድብ ነው። የቀለለን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ነው። እናት ወተት ለደፋ ልጇ ትለዋለች። የሒሳብ አስተማሪ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ተማሪ ይለዋል። ጓደኛ ለጓደኛው «አንተ ደደብ፣ ለምን ጠፋህ?» ሲለው ናፍቆቱን እየነገረው ነው። እዚያ ሁሉ ቃሉን የሚያለዝበው ዝምድናው፣ የድምፁ ቃና፣ ፊት ላይ ያለው ሳቅ ነው። ጽሑፍ ላይ ሲወርድ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ዜናሽን የሚያነበው ሰው ደግሞ ድምፅሽን አይሰማም፤ ፊትሽንም አያይም።

ሌላም ነገር አለ። በአማርኛ የስድብ ክብደት ብዙ ጊዜ ከስድቡ ቃል ይልቅ አጠገቡ ባለው ተውላጠ ስም ላይ ነው። «እርስዎ ደደብ ነዎት» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አይባልም። ስድብ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ አንቱታው ይነሳል። ሽማግሌን «አንተ» ብሎ መጥራት ብቻውን ጠብ ያስነሳል፤ ከኋላው ምንም ስድብ ባይከተል እንኳ። የወረዳው ኃላፊ «እናንተ» ነው ያለው። ብዙ ቁጥር ላይ አማርኛ አንቱታ የለውም። ስለዚህ እዚያ አዳራሽ የተቀመጡት አዛውንትም፣ ልጅ ያዘለችው እናትም፣ ወጣቱም በአንድ ቃል ተጠቅልለው ተሰደቡ። አሰልጣኙ ግን ራሱንና ቡድኑን ነው የወቀሰው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተደረገበት ነገር ግን የተለያየ ነው። ቃሉን በዝርዝር ውስጥ ፈልገሽ «ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም» ከማለትሽ በፊት ማን፣ በማን ላይ፣ ምን ሥልጣን ይዞ እንደተናገረው ጠይቂ።

ወደ ርዕስሽ ልምጣ፤ ከሦስቱ የባሰው እሱ ነውና። «ደደብ ውሳኔ» በአማርኛ ጆሮ አይጥምም። ደደብ የሚባለው ሰው ነው፤ አንዳንዴ እንስሳ። ውሳኔ አይደድብም። አሰልጣኙ «የደደብ ግብ» ሲል «የ»ን ያስገባው በከንቱ አይደለም። «እንደ ደደብ ሆነን ገባብን» ማለቱ ነው። አንቺ «የ»ን አውጥተሽ ቃሉን ውሳኔው ላይ ስትለጥፊው የእንግሊዝኛውን አነጋገር ነው የገለበጥሽው። አንባቢው ደግሞ በአማርኛ ስለሚያስብ ስድቡን ውሳኔው ላይ አይተወውም። ቀጥታ ወደ ወሳኞቹ ይወስደዋል። አንቺ «ውሳኔውን ነው የተቸሁት» ብትዪ ማንም አይሰማሽም።

ከዚህም ሌላ ርዕሱ ምንም አይናገርም። ውሳኔው ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ገንዘብ አባከነ? ሰው አፈናቀለ? ባለሙያ ሳይጠየቅ ተወሰነ? ስድብ የገባበት ቦታ ላይ መረጃ መግባት ነበረበት። ለምሳሌ ነገሩ አዲስ አስፋልት መልሶ መቆፈር ቢሆን «በሦስት ወር ውስጥ መንገዱ ለሁለተኛ ጊዜ ተቆፈረ» ብትዪ አንባቢው «ደደብነት ነው» የሚለውን ራሱ ይለዋል። ያን ፍርድ ከአፉ አትቀሚው። ጸሐፊ ስድብ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃው ሲያጥረው ወይም ለመፈለግ ሲሰንፍ ነው። ይህን የምልሽ የብዙ ጀማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ነው።

አሁን አርታኢሽ የሠራው ስህተት። ጥቅስ ምልክት ማለት ቃል መግባት ነው። «ይህ ሰው ያለው እነዚህን ቃላት ነው» ብለሽ ለአንባቢ ትምያለሽ። «በቀላሉ ልናስቀረው የምንችለው ግብ» አሰልጣኙ ያላለው ዓረፍተ ነገር ነው። በጨዋነት የተደረገ ነው፤ ግን ሐሰት ነው። ማለዘብ ከተፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። ጥቅሱን ፈትተሽ በራስሽ አነጋገር ጻፊው፦ አሰልጣኙ ግቡ በቀላሉ ሊቀር ይችል እንደነበር በምሬት ተናግረዋል። ይህ እውነት ነው፤ ማንንም አያታልልም። ጥቅስ ምልክቱን ትቶ ውስጡን መቀየር ግን አይቻልም። የአሰልጣኙን ድምፅ የቀዳ ሌላ ጣቢያ ካለ ደግሞ አንባቢ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያመሳክረዋል።

ይህን እኔም በዋጋ ነው የተማርኩት። ጀማሪ አርታኢ ሳለሁ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ስለ ገበያ ተቆጣጣሪዎች የተናገረችውን ዜና አረምኩ። «ባለጌዎች ናቸው፣ ሚዛኔን ረገጡት» ነበር ያለችው። «ባለጌ» ጋዜጣ ላይ አይሆንም ብዬ ጥቅሱ ውስጥ «ሥነ ምግባር የጎደላቸው ናቸው» ብዬ ቀየርኩት። በማግስቱ ቢሮ ድረስ መጣች። ጋዜጣውን አጥፋ ይዛዋለች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ሰው ጽፎ የሰጠኝ አስመሰላችሁኝ። አፌን ቀማችሁኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቁጣዋን አውጥቼ የስብሰባ ቋንቋ አልብሻት ነበር። ሚዛኗ የተረገጠባት ሴት «ሥነ ምግባር» አትልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቅስ ውስጥ እጄን አላስገባም።

በነጥብ ማለፉ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። «ደ...» ብሎ መጻፍ ጨዋነት ይመስላል። አንባቢ ግን ክፍት ቦታ አይወድም። ይሞላዋል። የሚሞላውም ብዙ ጊዜ ከተባለው በከፋ ቃል ነው። «ደ» ብሎ የሚጀምር ከ«ደደብ» የከበደ ስድብ አንባቢው አያጣም። እንዲያውም የኛ ፊደል ለዚህ ዘዴ አይመችም። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚመጣ፣ አንድ ፊደል ብቻ ብታሳዪም ግማሹን ቃል ተናግረሻል። ወይ ሙሉውን ጻፊው፣ ወይ ጥቅሱን ፈትተሽ በራስሽ ቃል አስቀምጪው። መሐል ላይ መቆም የለም።

በኃላፊው ጉዳይ ላይ ግን ሙሉውን መጻፍ ግዴታሽ ነው እላለሁ። እዚያ ዜናው ቃሉ ራሱ ነው። ውሃ የጠየቀ ሕዝብ፣ ደመወዙ ከግብር በሚከፈል ሰው ተሰደበ። «ኃላፊው ተገቢ ያልሆነ ቃል ተጠቅመዋል» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢ ምን ያህል ተገቢ ያልሆነ እንደነበር አያውቅም። አንዱ ከዚያ የከፋ ጸያፍ ነገር ይገምትና ኃላፊው ላይ ግፍ ይሠራል። ሌላው ቀላል ነገር ነው ብሎ ያልፈዋልና ነዋሪዎቹ ላይ ግፍ ይሠራል። ለኃላፊውም ለነዋሪዎቹም ፍትሐዊ የሚሆነው ትክክለኛው ቃል ነው። ዜናው ከመውጣቱ በፊት ግን ኃላፊውን ደውለሽ ጠይቂ። «አላልኩም» ካሉ ያንንም ጻፊ። የተቀዳ ድምፅ ከሌለሽ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያረጋግጡልሽ።

የማለዘብ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ አለ። በጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በአንድ የዋይት ሀውስ ስብሰባ ላይ ስለ አፍሪካ አገሮች የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚል ትርጉም ያለው ጸያፍ ቃል ተናገሩ ተባለ። እሳቸው በወቅቱ ያን ቃል አልተጠቀምኩም ብለው ነበር። የዓለም ዜና ክፍሎች ተቸገሩ። የታይዋን የዜና ወኪል «ወፍ እንቁላል የማትጥልባቸው አገሮች» ብሎ ተረጎመው። ፈረንሳዮቹ ወደ ዋናው ቃል የተጠጋ ጸያፍ ቃል ተጠቀሙ። እዚሁ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ተቆጥቶ ይቅርታ ይጠይቁን አለ። ቦትስዋና የአሜሪካን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። አሁን አስቢው። ዜናውን «ድሃ አገሮች ብለዋል» ብሎ ያለዘበ ጸሐፊ፣ አንባቢው ኅብረቱ ለምን ይህን ያህል እንደተቆጣ እንዲገባው እንዴት ያደርጋል? ያ ቃል ለዘብ ያለ አይደለም፤ ከ«ደደብ» በብዙ ይከፋል። ግን ዜናው የቆመው በቃሉ ላይ ነበር።

የውጭ ዜና ክፍሎች መመሪያም ከዚህ አይርቅም። የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሺዬትድ ፕሬስ መመሪያ ጸያፍ ቃል በቀጥታ ጥቅስ ውስጥ ካልሆነና አሳማኝ ምክንያት ከሌለ አይጻፍ ይላል። ከተጻፈ ግን ይለዝብ ብሎ በሌላ ቃል አይቀየርም። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ከጥቅስ ውጭ ጸያፍ ቃል የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ለማለት ይቀርባል፤ ፊደሎቹን በኮከብ ምልክት መሸፈንን ግን እንደ ሽሽት ነው የሚያየው። ሁለቱን ያነሳሁት ከጥቅስ ውጭ አይጻፍ በሚለው ስለሚስማሙ ነው፤ የውጭ ስለሆኑ ብቻ እንድትከተያቸው አይደለም።

እንዲያውም የእነሱን የቃላት ዝርዝር ወደ አማርኛ ለመገልበጥ አትሞክሪ። የእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰዎችን እየጠየቀ ቃላትን በክብደታቸው መድቧል። «ብለዲ»፣ «ዳም»፣ «ክራፕ» ለዘብ ካሉት መደብ ገቡ። ለሴት ሲባል «ላም» የሚለውም እዚያው ገብቷል። እኛ ዘንድ ላም ስድብ ናት? ላሜ ቦራን እየሰማ ያደገ ልጅ ላም ስትባል ትዝ የሚለው የምታጠባ እናት ናት። በአንጻሩ ውሻና አህያ እኛ ጋ ሰው ያጣላሉ። ሌላው ቀርቶ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት አገሮች እንኳ አይስማሙም። በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ «ብለዲ» የሚል ቃል ያለበት የቱሪዝም ማስታወቂያ ሠራች። ለአውስትራሊያውያን ቃሉ የወዳጅ ጨዋታ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ግን ማስታወቂያው መጀመሪያ ላይ ከቴሌቪዥን ታገደ።

ይህን የማነሳው ስፖርት ስለምትጽፊ ነው። የእኛ ስፖርት ዜና ብዙው ከእንግሊዝኛ የሚተረጎም ነው። አሰልጣኙ በእንግሊዝኛ «ዳም» ሲል «የተረገመ» ብለሽ አትተርጉሚ። የፊልም ትርጉም ያስለመደን ነው። እርግማን በአማርኛ ቀልድ አይደለም። የአባት እርግማን ልጅ ላይ ይደርሳል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ነው የሚያነብሽ። እንግሊዛዊው ምራቁን እንደመዋጥ ቀለል አድርጎ ያለውን አንቺ የደብር ግዝት አታድርጊው። «ምነው በቀረብን» ወይም «ምን ዓይነት ቀን ነው» ብትዪ የቁጣውን ልክ ታገኚዋለሽ። በትርጉም ውስጥ የምትጠብቂው የቃሉን ክብደት ነው። ቀጥተኛ ፍቺው ሁለተኛ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። በአማርኛ ተናጋሪው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። «አሉ»፣ «ብለዋል»፣ «ሲሉ ገለጹ» የሚመጡት ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አንባቢው ስድቡን ሲያነብ የጋዜጣው ቃል አድርጎ ነው የሚያነበው፤ እስከ መጨረሻው ታግሦ ከደረሰ ነው የሚያርመው። ስልክ ላይ ደግሞ አይደርስም። ርዕሱ መሐል ላይ ይቆረጣል። «ነዋሪዎቹ ደደቦች ናቸው» የሚለው ይታያል፤ «ሲሉ ኃላፊው ተናገሩ» የሚለው ይቀራል። ሰው ያንን ፎቶ አንስቶ ያሰራጨዋል። ከዚያ በኋላ ለቀሪ ዓመታት ነዋሪዎቹን የሰደበው ያንቺ መገናኛ ብዙኃን ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። መፍትሔው ተናጋሪውን ማስቀደም ነው፦ የወረዳው ኃላፊ ውሃ የጠየቁ ነዋሪዎችን «እናንተ ደደቦች» አሉ። ስምና ሥልጣን መጀመሪያ፣ ቃሉ በኋላ፣ በጥቅስ ምልክት ታስሮ።

የጥቅስ ምልክቱንም አትርሺ። አማርኛ «አልሄድም አለ» ብሎ የሰውን ንግግር በቀጥታ ይዞ ያልፋል፤ ምልክት ባይኖርም ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። በሌላው ጊዜ ችግር የለውም። ስድብ ሲኖር ግን የተናጋሪው ቃል የት ጀምሮ የት እንዳበቃ በግልጽ መታየት አለበት። «ደደብ አስተዳደር እንዳላቸው ተናግረዋል» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። «ደደብ»ን ያለው ማን ነው? ተናጋሪው ወይስ አንቺ?

እስካሁን ያወራነው ስድብ መሆኑ ስለሚታወቅ ቃል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን ስድብ ሆነው ሳለ እንደ ተራ ስም ዜና ውስጥ የሚገቡት ናቸው። «ሌባው ተያዘ።» «ዱርዬዎች ሱቅ ዘረፉ።» «ወሮበላው ፍርድ ቤት ቀረበ።» ሪፖርተሩ ቅጽል እንኳ የጨመረ አይመስለውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ገና ያልተፈረደበትን ሰው «ሌባ» የሚል ዜና «ደደብ» ካለው ዜና መቶ እጥፍ የከፋ ነው። «ደደብ» ግምት ነው። «ሌባ» ውንጀላ ነው። ተጠርጣሪ በይ። አንቱታውንም ተመልከቺ። በአንድ ዜና ውስጥ የፖሊስ አዛዡ «ገለጹ»፣ ተጠርጣሪው «ተያዘ» ሲባል አንዱን ሰው ዝቅ አድርገን ጨርሰናል። ተጠርጣሪው የስልሳ ዓመት ሰው ቢሆን፣ ባልተከሰሰ ኖሮ በአንቱታ ልትጠሪው አልነበረም? ለዚህ አንድ ወጥ ልማድ ያለው የዜና ክፍል ጥቂት ነው። ያንቺ ክፍል አንድ ነገር ይወስን፤ እኔ ለሁሉም አዋቂ አንቱታ እላለሁ።

ዜና ስድብን ተራ ቃል ሲያደርግ ምን እንደሚከተል አገራችን አይታለች። በደርግ ዘመን «ወንበዴ»፣ «አናርኪስት»፣ «አድኃሪ» በየቀኑ በሬዲዮና በጋዜጣ ይነገሩ ነበር። ከፖለቲካ መግለጫ ተነሥተው የዜና ስም ሆኑ። ከዚያ አንድ ወጣት «አናርኪስት» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም። በቅርቡም በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አባባል ከፖለቲካ ንግግር ወጥቶ መንደር ውስጥ ገባ። ሰዎች በማንነታቸው ብቻ ሲሰደቡበት ሰምተናል። ባለሥልጣን ያለውን መዘገብ አለብሽ። በሚቀጥለው ዜና ላይ ግን ያንኑ ቃል ያለ ጥቅስ ምልክት የራስሽ አድርገሽ እንዳትጠቀሚ። ቃሉ ከጥቅስ ውስጥ የሚያመልጠው ሁለተኛው ዜና ላይ ነው።

ከሙያ የተነሡ ስድቦችም እንዲሁ ናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። ያኔ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የዕለት ተዕለት ንግግር ስለነበር ነው። «ሁሉም ይለዋል» ማለት ቃሉ አይጎዳም ማለት አይደለም። «ደንቆሮ»ን እይው። በየሰዓቱ የምንለው ቃል ነው። ፍቺው ግን መስማት የተሳነው ነው። «ደደብ»ን ለማለዘብ ብለው «ደንቆሮ» የሚያደርጉ አርታኢዎች አጋጥመውኛል። በዚህ ዜናው ውስጥ ያልነበሩ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሁሉ ተሰደቡ። «እውር»፣ «ዕብድ»፣ «ሽባ»ም እንደዚሁ። «ደነዝ» እንኳ ይሻላል፤ እሱ ስለት እንደጠፋው ቢላ ማለት ነውና ማንንም አካል ጉዳተኛ አይነካም። ግን እሱንም በራስሽ ቃል አትጻፊው።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ ከከበደ ጠበቃ ጠይቂ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በንግግር ወይም በጽሑፍ እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ማድረግ፣ ስሙንና የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣል ተጠያቂ ያደርጋል ይላል። «ደደብ» የሚል አንድ ቃል ብቻውን እዚህ ድረስ ይወስዳል ብዬ አልሰጋም። «ሌባ»፣ «ጉቦኛ»፣ «አጭበርባሪ» ግን ይወስዳሉ። ጥቅስ ምልክት ውስጥ ስላስገባሽው ብቻ ከኃላፊነት ነፃ ነኝ ብለሽ አትመኚ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግርን ይመለከታል። ስድቡ ወደዚያ ካዘነበለ ለዘብ ያለ የሚባል መደብ የለም። ብቻሽን አትወስኚ፤ ከዋና አዘጋጁ ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ስድቡን ስከለክልሽ ወደ አሽሙር እንዳትሄጂ። ብዙዎች «ደደብ»ን ትተው «ምሁር ነኝ ባዩ» ይላሉ። «ሊቅ» የሚለውን ቃል በጥቅስ ምልክት ከበው ያልፋሉ። ሰምና ወርቅ በቅኔ ያምራል። ዜና ውስጥ ግን ስድቡን ከተጠያቂነት መሸሸጊያ ይሆናል። ያ የተነካ ሰው መልስ እንኳ መስጠት አይችልም፤ «ምን አልኩህ?» ይባላል። ከዚያ ይልቅ ግልጽ ስድብ ይሻለኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ለዘብ ያለ ስድብ በራስሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። በርዕስም፣ በፎቶ መግለጫም፣ በማኅበራዊ ገጽ ማስተዋወቂያም አይግባ፤ ዜናው በቃሉ ላይ የቆመ ካልሆነ በቀር። በጥቅስ ውስጥ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ቃሉ ቢቀር አንባቢው የሚያጣው ነገር አለ? ከሌለ ጥቅሱን ፈትተሽ በራስሽ ቃል ጻፊው። ካለ ሙሉውን፣ ሳትነኪው፣ ተናጋሪውን አስቀድመሽ ጻፊ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ መረጃ ነው። አራት ጊዜ ከደጋገምሽው ከተናጋሪው ጋር አብረሽ እየተሳደብሽ ነው። የሬዲዮ ዜና ከሆነ ጥብቅ ሁኚ፤ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ተከፍቶ የሚውል ነውና አድማጩ ገጹን መዝለል አይችልም።

የአሰልጣኙ ጉዳይ ላይ አርታኢሽ ቃሉ አይጻፍ ቢል ተከራክሬ አላሸንፍም። ያለ ቃሉም ዜናው ይቆማል። የምከራከረው ጥቅሱ እንዳይቀየር ነው። ይህን ለእሱ በጽሞና አስረጂው፤ «ተሳስተሃል» ብለሽ አትጀምሪ። «አሰልጣኙ ደውሎ ይህን አላልኩም ቢለን ምን እንመልሳለን?» ብለሽ ጠይቂው። እኔን ያ ጥያቄ ነው የለወጠኝ፤ ሴትዮዋ ስትመጣ መልስ አልነበረኝም።

የወጣውንም አስተካክሉ። ጥቅሱን ወደ አሰልጣኙ ቃል መልሱና ከሥር እንዲህ በሉ፦ «ቀደም ሲል በወጣው ዜና ላይ የአሰልጣኙ ንግግር በትክክል አልተጠቀሰም ነበር።» ርዕስሽን ዛሬውኑ ቀይሪው። እርማቱ ላይ «የዚህ ዜና ርዕስ የጸሐፊዋን ግምት የያዘ ስለነበር ተቀይሯል» የሚለው ይበቃል። ስድቡን እርማቱ ውስጥ እንዳትደግሚው።